ያላወቅነው ሕመምተኛና የተዘጋው መስኮት፦ የጤና ባለሙያዎችን ከሳንባ ነቀርሳ ስለ መጠበቅ

(በፋኩልቲው የሕዝባዊ ገለጻ መርሐ ግብር ላይ የቀረበ ንግግር ሙሉ ጽሑፍ)



አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ «ተላላፊ በሽታ ያለባቸውን ሕሙማን የሚያክሙ የጤና ባለሙያዎች ሊያደርጉት የሚገባ ጥንቃቄ» የሚል ነው። ርእሱ ሰፊ ነው። ኮሌራ በውኃና በምግብ፣ ሄፓታይተስ ቢ በደምና በመርፌ፣ ኩፍኝ በአየር ይተላለፋሉ፤ ለሁሉም የሚሆን ትምህርት በአንድ ሰዓት ውስጥ ልስጥ ብል አንዱንም ሳላደርስ ከዚህ እወርዳለሁ። ስለዚህ በአንድ በሽታ ላይ ልወሰን፤ እርሱም የሳንባ ነቀርሳ ነው።

ይህን የመረጥሁት በሽታው የተለመደ ስለ ሆነ ነው። ኢቦላና ማርበርግ ሲነሡ ማንም ሳያዝዘን ጓንት እናጠልቃለን፣ ጋዋን እንለብሳለን፤ ፍርሃታችን ራሱ ግማሽ ጥንቃቄ ይሆነናል። ቲቢን ግን ለምደነዋል። በተመላላሽ ሕክምና ክፍል የሚሳል ሰው መስማት ለእኛ እንደ በር መንኳኳት ያለ ነገር ነው። አገራችን እ.ኤ.አ. በ2021 መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ከሚበዛባቸው 30 አገሮች መዝገብ መውጣቷ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ብዙ ሰዎች የደከሙበት ውጤት ነው። ይሁን እንጂ ቲቢ በአጠቃላይ ከሚበዛባቸው 30 አገሮች መዝገብ ውስጥ ዛሬም አለን። መልመዳችን ከበሽታው ቀድሞ መውጣት አይገባውም ነበር።

ዛሬ ላስረዳችሁ የምፈልገው አሳብ አንድ ነው። የጤና ባለሙያን የሚያሰጋው በዋናነት ቲቢ እንዳለበት የታወቀው ሕመምተኛ አይደለም፤ ያልታወቀው ነው። ጥንቃቄያችን ግን በአብዛኛው የተዘረጋው በታወቀው ዙሪያ ነው። በቲቢ ክፍል በር ላይ ማስጠንቀቂያ ተለጥፏል፤ ባለሙያው ሲገባ ጭንብል ያጠልቃል፤ ሲወጣ ያወልቃል፤ ከዚያም ወደ ድንገተኛ ክፍል ሄዶ ሦስት ሳምንት ሲያስለው የከረመና ገና አክታ ያልሰጠ ሰው ፊት ለፊት አፉን ገልጦ ይቀመጣል።

ይህን የምለው በግምት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ሪቻርድ ራይሊና ባልደረቦቹ በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ በሚገኝ የቀድሞ ወታደሮች ሆስፒታል ውስጥ አንድ ሙከራ ጀመሩ። የአሳቡ ምንጭ ዊልያም ዌልስ ነበር። ስድስት አልጋ ካለው የቲቢ ክፍል የሚወጣው አየር በቧንቧ እየተሳበ ላይኛው ፎቅ ላይ ጊኒ ፒጎች ወደሚኖሩበት ክፍል እንዲገባ አደረጉ። እንስሶቹ ሕሙማኑን አላዩም፣ አልነኩም፣ ዕቃ አልተጋሩም፤ የተጋሩት አየሩን ብቻ ነው። ሆኖም ተራ በተራ ተያዙ። አየሩ አስቀድሞ በአልትራቫዮሌት ጨረር ውስጥ እንዲያልፍ በተደረገለት በሌላው ክፍል ያሉት ግን አልተያዙም። ቲቢ በአየር ይተላለፋል የምንለው ዓረፍተ ነገር በመጽሐፍ ላይ ቀላል ሆኖ ይነበባል እንጂ የቆመው እንዲህ ባለ ትዕግሥት በተሞላ ሥራ ላይ ነው።

ለእኛ የሚጠቅመው ግን የሙከራው ሁለተኛ ግኝት ነው፤ በክፍል ውስጥ ብዙ ጊዜ አይነገርም። ተመራማሪዎቹ ከእንስሶቹ የተገኘውን ባክቴሪያ ከሕሙማኑ ባክቴሪያ ጋር ሲያመሳክሩ አብዛኛውን መተላለፍ ያስከተሉት ጥቂት ሕሙማን ሆነው ተገኙ። ተገቢውን መድኃኒት የጀመሩት የማስተላለፍ አቅማቸው እጅግ አነስተኛ ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ በደቡብ አፍሪካ በተመሳሳይ ዘዴ የተደረጉ ጥናቶችም መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ያለባቸው ሕሙማን እንኳ የሚሠራላቸውን መድኃኒት ከጀመሩ በፍጥነት ማስተላለፍ እንደሚያቆሙ አሳይተዋል። አደገኛው ሰው እንግዲህ ሕክምና ያልጀመረው ወይም የማይሠራ መድኃኒት የሚወስደው ነው። ይህ ሰው በቲቢ ክፍል ውስጥ የለም። በካርድ ክፍል ሰልፍ ላይ፣ በውስጥ ደዌ ዋርድ «ኒሞኒያ» ተብሎ፣ በእናቶች ክፍል ከወለደች በኋላ ከስታ «ደም አነሳት» ተብላ፣ አንዳንድ ጊዜም በነርሶች ሻይ ክፍል ውስጥ ይገኛል።

ሕመምተኛው ሳይታወቅ የሚያልፈው ጊዜ ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ሁለት አጋጣሚዎች ይነግሩናል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2006 የታወቀው በደቡብ አፍሪካ ክዋዙሉ ናታል፣ ቱጌላ ፌሪ የተባለች የገጠር ከተማ ሆስፒታል ታሪክ ነው። ብዙ መድኃኒቶችን የተላመደ ቲቢ ከተገኘባቸው 53 ሰዎች 52ቱ ሞቱ። የአክታ ናሙና ከሰጡበት ቀን እስከ ሞታቸው ያለው ጊዜ አማካዩ 16 ቀን ነበር፤ ውጤቱ የደረሰው ብዙዎቹ ከተቀበሩ በኋላ ነው ማለት ነው። ግማሽ ያህሉ ከዚያ በፊት የቲቢ መድኃኒት ወስደው አያውቁም፤ ብዙዎቹ ግን ሆስፒታል ተኝተው ነበር። ባክቴሪያው በእነርሱ ሰውነት ውስጥ መድኃኒቱን አልተላመደም፤ ተላምዶ መጣባቸው፤ ከሌላ ሰው፣ በአብዛኛውም በሆስፒታሉ ውስጥ። ከሞቱት መካከል የጤና ሠራተኞችም ነበሩ።

ሁለተኛው ከቲቢ የራቀ ቢሆንም ያው ትምህርት ስላለው ባጭሩ ላንሣው። እ.ኤ.አ. በ2024 በሩዋንዳ ማርበርግ ሲነሣ ከተረጋገጡት 66 ሕሙማን አብዛኞቹ የጤና ባለሙያዎች ነበሩ። ባለሙያዎቹ ጥንቃቄ የማያውቁ ሆነው አልነበረም፤ የበሽታው ስም ከመታወቁ በፊት የመጀመሪያዎቹን ሕሙማን እንደ ማንኛውም ሕመምተኛ ስላከሙ ነው። ስሙ ከታወቀ በኋላ በተወሰደው ርምጃ ወረርሽኙ በጥቂት ወራት ውስጥ ቆመ።

ስለዚህ የመጀመሪያው ጥንቃቄ ጊዜ ማሳጠር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያዎች የአስተዳደር ርምጃዎችን ከመሣሪያም ከጭንብልም አስቀድመው የሚያስቀምጡት በዚህ ምክንያት ነው። የሚሳለውን ሰው ከደጅ መለየት፣ ጭንብል መስጠት፣ ከሰልፉ አውጥቶ ማስቀደም፣ አክታውን በዚያው ቀን መመርመር፣ ውጤቱ እንደ ወጣ መድኃኒት ማስጀመር፤ ይኸው ነው። ከዚህ ውስጥ አንድም ውድ ነገር የለም። ጂን ኤክስፐርት የተባለው መሣሪያ ከሁለት ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ባክቴሪያው መኖሩንና ሪፋምፒሲንን መላመዱን ይነግረናል፤ የዓለም ጤና ድርጅት የተቀበለው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2010 ነው። ነገር ግን የሁለት ሰዓቱ መሣሪያ ናሙናው ላቦራቶሪ መስኮት ላይ እስከ ማግስቱ ከቆየ፣ ውጤቱም በወረቀት ተጽፎ በሕመምተኛው ካርድ ውስጥ ሳይገባ መሳቢያ ውስጥ ካደረ የሦስት ቀን መሣሪያ ይሆናል። ተማሪዎቼን የመመረቂያ ጽሑፍ ርእስ ሲጠይቁኝ ይህን ሰዓት ቁጠሩት እላቸዋለሁ፦ አንድ የሚሳል ሰው ከሆስፒታሉ በር ከገባበት ደቂቃ አንሥቶ የመጀመሪያውን ክኒን እስከ ዋጠበት ድረስ ስንት ሰዓት አለፈ? የት የት ተቀመጠ? ከማን ጋር? አንድ ዘመናዊ የምርመራ ዘዴ ከሚያጠኑት ይልቅ ይህን የሚቆጥሩት ለሆስፒታላቸው የበለጠ ይጠቅማሉ ብዬ አምናለሁ፤ ባልደረቦቼ ሁሉ በዚህ እንደማይስማሙ ባውቅም።

አሁን ወደ መስኮቱ ልምጣ። በዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ፤ ምክንያቱም የእኛው የራሳችን ጉዳይ አለበት።

አየር በአንድ ክፍል ውስጥ በሰዓት ስንት ጊዜ ይለዋወጣል የሚለው ቁጥር ብዙ ይወስናል። አየሩ በሰዓት 12 ጊዜ በሚለዋወጥበት ክፍል፣ ሕመምተኛው ከወጣ በኋላ በአየሩ ላይ ከቀረው ብናኝ 99 ከመቶው እስኪጠፋ 23 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በሰዓት 6 ጊዜ ከሆነ 46 ደቂቃ። በሰዓት 2 ጊዜ ብቻ በሚለዋወጥበት የተዘጋ ክፍል ግን ከሁለት ሰዓት ከሩብ በላይ ይወስዳል። ይህም ማለት ሕመምተኛው ወጥቶ ሌላ ሰው፣ ከዚያም ሌላ ሰው በገባበት ክፍል ውስጥ የመጀመሪያው ሰው ሳል ገና አለ።

እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ በፔሩ ዋና ከተማ በሊማ ስምንት ሆስፒታሎች የተካሄደ ጥናት ይህን ለካ። በርና መስኮት ሲከፈት አየሩ በሰዓት በአማካይ 28 ጊዜ ተለወጠ፤ በማሽን አየር በሚገባባቸው ክፍሎች 12 ጊዜ ነበር። ከሁሉ ይበልጥ የገረመኝ ግን የሕንጻዎቹ ዕድሜ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1950 በፊት የተሠሩት ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ መስኮታቸው ሰፊ የሆነ አሮጌ ክፍሎች 40 ጊዜ ሲደርሱ፣ በመስኮት አየር የሚያገኙት አዳዲሶቹ 17 ላይ ቀሩ። እኛም አገር እንዲህ ያሉ አሮጌ ዋርዶች አሉ፤ ጣሪያቸው እንደ አዳራሽ የራቀ፣ በሁለቱም ወገን ትይዩ መስኮት ያላቸው፣ በረንዳቸው ሰፊ የሆነ። ስናድሳቸው ግን ምን እናደርጋለን? ኮርኒስ እናወርዳለን፤ የላይኛውን መስኮት በጂፕሰም እንሸፍናለን፤ የበረንዳውን ጎን በመስተዋት ዘግተን ለቢሮ እናደርገዋለን። በመስተዋት የተሸፈነ አዲስ ሕንጻም ስንሠራ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ኤር ኮንዲሽነር እንገጥማለን። ይህ መሣሪያ ያንኑ አየር አቀዝቅዞ ይመልሰዋል እንጂ ከውጭ አዲስ አየር አያመጣም። በሥነ ሕንጻ ፋኩልቲ ያላችሁ ተማሪዎች ዛሬ እዚህ ብትኖሩ ደስ ይለኛል፤ ይህ ክፍል ከሐኪሞቹ ይልቅ የእናንተ ነው።

መስኮቱ ቢኖርም ይዘጋል። ይህን ለማወቅ ሆስፒታል መሄድ አያስፈልግም፤ ታክሲ ውስጥ መግባት ይበቃል። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ሰው መስኮት ሲከፍት «ብርዱ መታን፣ ዝጋው» የሚል ድምፅ ሳይመጣ የሚቀር ጉዞ አላውቅም። ነፋስ ያሳምማል የሚለው እምነት በእናቶቻችን ቤት የተማርነው ነው፤ በሕክምና ትምህርት ቤት ሰባት ዓመት ከቆየን በኋላም ከውስጣችን አልወጣም። አራስ ቤት መስኮት አይከፈትም። ታማሚ ይሸፈናል እንጂ አይገለጥም። በደጋው አገር ሌሊቱ እውነትም ይበርዳል፤ በደብረ ብርሃንም ሆነ በጎንደር በጥቅምትና በኅዳር ሌሊት መስኮት ክፈቱ ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

በአንድ የክልል ሆስፒታል የተኝቶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ለብዙ ሌሊቶች ተገኝቼ የመስኮቶቹን ነገር ስከታተል ቆይቼ ነበር። ቀን ቀን ነርሶቹ ይከፍታሉ። አመሻሹ ላይ አስታማሚዎች ይዘጋሉ። ተረኛዋ ነርስ ስትገባ ዳግም ትከፍታለች፤ እርሷ ወደ ሌላ ክፍል ስታልፍ ዳግም ይዘጋል። ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ አንድም ክፍት መስኮት አይገኝም፤ ስምንት ሕሙማንና ወለል ላይ የተኙ ስምንት ወይም ዘጠኝ አስታማሚዎች የአንድ ክፍል አየር ይካፈላሉ። አንዲት እናት፣ ልጇ የተኛባት፣ መስኮቱን ስትዘጋ ተረኛዋ «እናቴ፣ ይህ ለልጅዎ ጥሩ አይደለም» አለቻት። ሴትዮዋ ነጠላዋን ልጇ ላይ እያለበሰች «ልጄ፣ አንድ ብርድ ልብስ ጨምሪልኝና እኔው ራሴ እከፍተዋለሁ» ብላ መለሰች።

ይህ መልስ ከብዙ መመሪያ የበለጠ ትክክል ነው። ለአንድ አልጋ አንድ ቀጭን ብርድ ልብስ የሚሰጥ ሆስፒታል መስኮቴ ክፍት ይሆናል ብሎ ሊያቅድ አይችልም። ስለ ኢንፌክሽን ቁጥጥር በጀት ስንነጋገር ጓንት፣ አልኮልና ክሎሪን ይዘረዘራሉ፤ ብርድ ልብስ በዝርዝሩ ላይ አይቼ አላውቅም። መግባት አለበት። ከዚያ በኋላ ሌሎቹን ትንንሽ ነገሮች ማድረግ ይቻላል፦ አልጋውን ከመስኮቱ ሥር አራቅ ማድረግ፣ የታችኛውን ዘግቶ ትይዩ ያሉትን የላይኛዎቹን መስኮቶች ሌሊቱን ሙሉ ክፍት መተው፣ መዝጊያቸውን ማንሣት። መስኮቱ ክፍት መሆኑም በተረኛዋ ነርስ መዝገብ ላይ እንደ ሙቀትና እንደ ደም ግፊት ይጻፍ። የማይመዘገብ ነገር የማንም ሥራ አይደለም።

በምርመራ ክፍል ውስጥ ደግሞ የወንበር አቀማመጥ ይታይ። አየሩ በባለሙያው ጀርባ ገብቶ በሕመምተኛው በኩል እንዲወጣ ጠረጴዛውን ማዞር ምንም ወጪ የለውም። ባለሙያው በሩን ፊት ለፊት እያየ፣ ከጀርባው የተዘጋ ግድግዳ አድርጎ፣ ሕመምተኛው በበሩ ነፋስ መንገድ ላይ ተቀምጦ የሚሠራባቸው ክፍሎች ብዙ ናቸው። አክታ መስጠትም ከቤት ውጭ፣ ከሰው ርቆ፣ በፀሐይና በነፋስ ፊት መሆን አለበት። በጠባብ መጸዳጃ ቤት ውስጥ አክታ እንዲሰጥ መላክ ከእርሱ ቀጥሎ የሚገባውን ሰው አሳልፎ መስጠት ነው።

ስለ ጭንብል ባጭሩ እናገራለሁ፤ ስለ እርሱ ብዙ ተነግሯል። ሁለቱን አንደባልቃቸው። የቀዶ ሕክምና ጭንብል የለባሹ ፍንጣቂ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ይከለክላል፤ ስለዚህ ቦታው የሕመምተኛው አፍ ነው። በደቡብ አፍሪካ በተደረገ ሙከራ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ያለባቸው ሕሙማን ይህን ጭንብል ሲያደርጉ ወደ ጊኒ ፒጎቹ የሚተላለፈው በ56 ከመቶ ቀነሰ። ኤን 95 የሚባለው ግን ጥቃቅን ብናኝ ቢያንስ 95 ከመቶ የሚያጣራ፣ በፊት ላይ ገጥሞ የሚቀመጥ፣ ለባሹን የሚጠብቅ ነው፤ ቦታውም የባለሙያው ፊት ነው። በእኛ ሆስፒታሎች ብዙ ጊዜ ይገለበጣል፤ ሐኪሙ የቀዶ ሕክምና ጭንብል አድርጎ፣ ሕመምተኛው ባዶ አፉን ይቀመጣል። ኤን 95 ጢም ላይ አይገጥምም፤ አፍንጫ ላይ ካልተጫነ በጎን ይገባል። በፕላስቲክ ከረጢት ከታፈነ ይረጥባል፤ በወረቀት ከረጢት፣ ስም ተጽፎበት ቢቀመጥ ላስቲኩ እስኪላላ ወይም እስኪቆሽሽ ደጋግሞ ያገለግላል።

ሕሙማን ጭንብልን ይፈሩታል፤ መገለል ይመስላቸዋል። ይህ በንግግር የሚፈታ ነው። አንድ አዛውንት ባልደረባዬ ወደ ሕመምተኛው ሲገቡ ከበር ላይ ቆመው ፊታቸውን ገልጠው ሰላም ይላሉ፤ ስማቸውን ይናገራሉ፤ ከዚያ «አባባ፣ ይህን የማጠልቀው ከእርስዎ አጠገብ ቆይቼ በደንብ እንዳክምዎ ነው፤ መድኃኒቱን ጀምረው ጥቂት ሲቆዩ አያስፈልገንም» ይላሉ። ከአንድ ደቂቃ በታች ይፈጃል። በጽሑፍ ከምናስተምረው ይልቅ ተማሪዎች ይህን ቢያዩ ይሻላል።

በመጨረሻ «የጤና ባለሙያ» የምንለው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ አለብን። ስለ ጥንቃቄ ሥልጠና ሲሰጥ የሚጠሩት ሐኪሞችና ነርሶች ናቸው። የዋርዱን ወለል በየማለዳው የምትጠርገው፣ አንሶላ የሚያራግፈው፣ ካርድ የሚያወጣው፣ በር ላይ ቆሞ ሰልፍ የሚያስይዘው ጥበቃ አይጠሩም። አንዲት የጽዳት ሠራተኛ አውቃለሁ፤ ስሟንም የሠራችበትንም አልናገርም። በቲቢ ክፍል ለዓመታት ሠርታለች። ማሳል ስትጀምር ከክሎሪኑ ነው ብላ፣ ቀጥሎም ከአቧራው ነው ብላ ለወራት ቆየች። የተቀጠረችው በውጭ ድርጅት በኩል ስለ ነበረ የሆስፒታሉ የሠራተኞች የጤና ምርመራ እርሷን አይመለከታትም። በየቀኑ አምስት ሜትር ርቀት ላይ ቲቢ ይመረመር ነበር፤ አክታዋን የጠየቃት ሰው ግን አልነበረም። ስትመረመር በሽታው በሁለቱም ሳንባዎቿ ተስፋፍቶ ነበር። ድናለች፤ ወደ ሥራዋ ግን አልተመለሰችም፤ ውሏ ተቋርጦ ነበርና።

ባለሙያዎችም ይደብቃሉ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው ተረታችን ጥፋቱን በደባቂው ላይ ያደርጋል። ነገር ግን ቲቢ ያዘኝ ያለች ነርስ ባልደረቦቿ ሻይ አብረዋት መጠጣት ከተዉ፣ ሌላም ነገር አለባት ብለው ከተንሾካሾኩ፣ የሕመም ፈቃዷ ከዓመት ፈቃዷ ላይ ከተቀነሰባት ለምን ትናገራለች? ኤች አይ ቪ በደሟ ያለ ባለሙያ በቲቢ የመታመም ዕድሏ ብዙ እጥፍ ነው፤ የመከላከያ መድኃኒትና አደጋው ወደሚያንስበት ክፍል የመዛወር መብት ሊኖራት ይገባል። ይህም ምክንያቱን ለኃላፊዋ ሳትገልጥ መሆን አለበት። መዛወሩ ብቻውን ምስጢሯን የሚያወጣ ከሆነ ማንም አይጠይቅም። ስለዚህ ዝውውር በየጊዜው ለሁሉም በተራ የሚደረግ ቢሆን፣ ምርመራውም በዓመት አንድ ጊዜ ከዋና ሥራ አስኪያጁ እስከ ጥበቃው ለሁሉም በአንድ ሳምንት ውስጥ የሚሰጥ ቢሆን፣ ማን ለምን እንደ ተዛወረ የሚጠይቅ አይኖርም።

በሚቀጥለው ወር ለተግባር ልምምድ ወደ ሆስፒታል የምትወጡ ተማሪዎች አላችሁ። የምትመደቡበት ሆስፒታል ባለፈው ዓመት ስንት ሠራተኞቹ በቲቢ እንደ ታመሙ ጠይቁ። ቁጥር ከሰጧችሁ የጽዳት ሠራተኞቹ በውስጡ መቆጠራቸውን ጠይቁ። ቁጥር የለንም ካሏችሁ መዝገቡን እናንተ ጀምሩላቸው፤ አንድ ደብተርና የሚቆለፍ መሳቢያ ይበቃል።

ጥያቄዎቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ፤ ከዚያ በፊት ግን ከኋላ የተቀመጣችሁ እባካችሁ ሁለቱን የጎን መስኮቶች ክፈቱልን።